የትንሹ ካሜራ ተስፋና የብርሃን ሕግ

ፎቶግራፍ አፍቃሪዎች ካሜራ ሠሪዎችን ለረጅም ዓመታት የጠየቁት ነገር ባጭሩ ሊነገር ይችላል፤ የትልቁን ካሜራ የምስል ጥራት በትንሽ አካል ውስጥ አኑሩልን የሚል ነው። ጥያቄው የቀረበው ለፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ለተፈጥሮ ሕግም ጭምር ነው። ፋብሪካው ዋጋን፣ ክብደትንና ውበትን ሊያሻሽል ይችላል። ብርሃን ግን በማስታወቂያ አይታለልም፤ በጠባብ ቀዳዳ ሲገባ የሚሆነው ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ስለዚህም አዲስ ካሜራ በወጣ ቁጥር የሚነሡትን ተስፋዎችና ጥርጣሬዎች ለሁለት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዶቹን ፊዚክስ ይመልሳቸዋል፤ ሌሎቹን የሚመልሳቸው ገበያውና የገዢው ኪስ ነው። ብዙ ክርክር የሚራዘመው ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ይመስለናል።

ለዚህ ጽሑፍ ማሳያ ያደረግነው የጃፓኑ ፉጂፊልም የካቲት ወር 2024 በቶኪዮ ይፋ ያደረገውን የኤክስ100 ካሜራ ስድስተኛ ትውልድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ካሜራ የመረጥነው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ለማለት አይደለም። ተስፋውም ጥርጣሬውም በአንድ መሣሪያ ላይ እንዲህ በግልጽ ተሰብስቦ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ነው።

ጥያቄው ከየት ተነሣ?

በ2000ዎቹ አጋማሽ የኪስ ካሜራዎች በሚሊዮን ይሸጡ ነበር። የሽያጩም መፈክር ሜጋፒክስል ነበር። ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ የሲሊከን ሰሌዳ፣ እንደ ጣት ጥፍር ትንሽ ሆኖ ሳለ በላዩ ላይ የሚሰፍሩት ነጥቦች በየዓመቱ ይጨምሩ ነበር። ካኖን በ2008 ያወጣው ጂ10 የተሰኘው ካሜራ 14.7 ሚሊዮን ነጥቦች ነበሩት። በ2009 የተተካው ጂ11 ግን ወደ 10 ሚሊዮን ወረደ። ቁጥሩ በፈቃድ የተቀነሰበት ይህ ውሳኔ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። ጠንቃቃ ተጠቃሚዎች ከዚያ በፊት ሲያሰሙት የነበረው ቅሬታ መሠረት እንደነበረው ያሳያል ብለን እናምናለን።

በዚሁ ጊዜ ሲግማ የተባለው ኩባንያ ሌላ መንገድ ሞከረ። በ2006 ይፋ ያደረገውና በ2008 ለገበያ ያቀረበው ዲፒ1 የተሰኘ ትንሽ ካሜራ 20.7 በ13.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር ይዞ መጣ። ይህ ስፋት በዘመኑ በነበሩት የኪስ ካሜራዎች ላይ ከሚገኘው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሴንሰሩም ፎቬዮን የሚባለው ዓይነት ነበር። ሰማያዊ ብርሃን በሲሊከን ውስጥ ብዙ ሳይጠልቅ እንደሚዋጥ፣ ቀይ ብርሃን ግን ጠልቆ እንደሚሄድ ይታወቃል። ፎቬዮን ይህን ጠባይ ተጠቅሞ ሦስቱን ቀለማት በአንድ ቦታ ላይ በሦስት ንብርብር ይለካል። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ሆኖም የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ4 በላይ አይከፈትም፤ ካሜራው አንዱን ምስል መዝግቦ ለሚቀጥለው እስኪዘጋጅ ያስጠብቃል፤ ማስታወቂያው 14 ሚሊዮን ነጥብ ያለውም ሦስቱ ንብርብሮች ተደምረው እንጂ በሰሌዳው ላይ ያሉት ቦታዎች 4.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። አፍቃሪዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ምስሉን አይቶ ዘገምተኛነቱን ይቅር አለ፤ ገሚሱ ካሜራውን ትቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተጠርጓል። ሶኒ በ2012 ባወጣው አርኤክስ100 ላይ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ሴንሰር በእውነተኛ የኪስ ካሜራ ውስጥ አስገባ። ፉጂፊልምም በ2010 አሳውቆ በ2011 ለገበያ ባቀረበው የመጀመሪያው ኤክስ100 ላይ 23.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ ያለውን ሴንሰር ከማይለወጥ ሌንስ ጋር አዋሐደ። በተቃራኒው የተራው የኪስ ካሜራ ገበያ ፈረሰ። በ2010 በዓለም ዙሪያ ለገበያ የቀረቡት የማይለወጥ ሌንስ ያላቸው ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ2023 ከ2 ሚሊዮን በታች ሆነዋል። ሥራቸውን ስልክ ወሰደው። የቀረው ስልክ ሊሠራው የማይችለውን የሚሠራ ካሜራ ብቻ ነው። የውድ ትንንሽ ካሜራዎች ተስፋ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ፣ ስልክ የማይችለው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ በቅድሚያ መመለስ ይገባል።

ስልክ የማይችለው ምንድን ነው?

ብርሃን በፎቶን እየተቆጠረ ይመጣል። የፎቶኖች አመጣጥ ደግሞ እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፤ በሁለት እኩል ሰፌዶች ላይ በአንድ ደቂቃ የሚወርደው ጠብታ በትክክል እኩል አይሆንም። በአማካይ 100 ፎቶን የሚደርሰው ነጥብ አንዴ 90፣ አንዴ 110 ይቆጥራል፤ መዋዠቁ የአማካዩ ስኩዌር ሩት ነውና 10 ያህል ነው። ይህም ከመቶ አሥር እጅ ስሕተት ነው። 10,000 ፎቶን ሲደርስ ግን መዋዠቁ 100 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ አንድ እጅ ይሆናል። በጨለማ በተነሣ ምስል ላይ አሸዋ የተበተነ የሚያስመስለው፣ በሙያው ኖይዝ የሚባለው ነጠብጣብ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ሴንሰሩን ቢያሻሽሉት እንኳ ይህ መዋዠቅ አይጠፋም፤ የብርሃኑ የራሱ ጠባይ ነውና። መድኃኒቱ ብዙ ፎቶን መሰብሰብ ብቻ ነው።

ፎቶን የሚሰበሰበው በሌንሱ ቀዳዳ ነው። የኤክስ100 ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 23 ሚሊ ሜትር፣ ከፍተኛ መክፈቻው ኤፍ2 ነው። 23 ለ2 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ እናገኛለን። የአንድ ስልክ ዋና ካሜራ ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው እንበል። ሁለቱ በአንድ ርቀት ቆመው አንዲት የአበባ ቅጠል ለእኩል ጊዜ ቢመለከቱ፣ ከዚያች ቅጠል ከሚነሣው ብርሃን ካሜራው ከስልኩ ስምንት እጥፍ ያህል ይሰበስባል። ይህ በፕሮግራም የሚገኝ ልዩነት አይደለም፤ የክብ ስፋት ስሌት ነው።

የስልክ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ሌላ ዘዴ ፈጥረዋል። ስልኩ በአንድ ጊዜ በርካታ ምስሎችን በተከታታይ አንሥቶ ያደራርባቸዋል። አሥራ ስድስት ምስሎች ቢደራረቡ ሲግናሉ ከኖይዙ ጋር ሲነጻጸር በአራት እጥፍ ይሻሻላል። ይህ ብልህ መፍትሔ ነው፤ ለቆመ ነገርም በሚገባ ይሠራል። የሚሮጥ ሕፃን፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ወይም አበባ ላይ የምታርፍ ንብ ሲሆን ግን የተደራረቡት ምስሎች አይገጥሙም፤ ፕሮግራሙ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ስለዚህ የትንሹ ውድ ካሜራ የመጀመሪያ ተስፋ እውነተኛ ነው እንላለን፤ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ምስል፣ ያለ ግምት ብዙ ብርሃን መሰብሰብ ይችላል።

አርባ ሚሊዮን ነጥቦች ይጠቅማሉ?

በስድስተኛው ትውልድ ላይ ከፍተኛ ክርክር ያስነሣው የነጥቦቹ ቁጥር ነው። የ2020ው አምስተኛ ትውልድ 26.1 ሚሊዮን ነጥቦች ነበሩት፤ አዲሱ 40.2 ሚሊዮን አለው። ሌንሱ ግን አምስተኛው ትውልድ የያዘው ነው። በዚህ ላይ የሚሰሙትን የደጋፊዎችንም የተጠራጣሪዎችንም አባባሎች ማስተካከል ይገባል።

በመጀመሪያ የደጋፊዎቹን እንይ። የነጥቦቹ ቁጥር በ54 ከመቶ ጨመረ ማለት ምስሉ በ54 ከመቶ ጠራ ማለት አይደለም። ዝርዝርን የምንለካው በመሥመር ስለሆነ ጭማሪው የስኩዌር ሩት ጉዳይ ነው፤ ውጤቱ 24 ከመቶ ገደማ ይሆናል። እሱም ቢሆን የሚገኘው ሌንሱ ጥርት ያለ ምስል ሲያቀብል፣ እጅም ሳይንቀጠቀጥ፣ ትኩረቱም በትክክል ሲያርፍ ነው። ከዚህም በላይ ብርሃን በቀዳዳ ሲያልፍ ዲፍራክሽን በሚባለው ጠባዩ ይዘረጋል፤ ስለዚህ የአንድ ኮከብ ምስል እንኳ ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ክብ ሆኖ ያርፋል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.55 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ፣ ቀዳዳው ኤፍ5.6 ላይ ሲሆን የክቡ ወርድ 7.5 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። ኤፍ16 ላይ ከ21 ማይክሮ ሜትር ያልፋል። በአዲሱ ሴንሰር ላይ ግን የአንዱ ነጥብ ወርድ 3 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። ይኸውም ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው አጥብቦ የሚያነሣ ሰው ክቡን በሰባት ነጥቦች ወርድ ላይ ያሰፋዋል ማለት ነው፤ ለጨመሩት ነጥቦች ከፍሎ ሳይጠቀምባቸው ይቀራል።

የተጠራጣሪዎቹም አባባል ሙሉ አይደለም። ነጥቦቹ ስላነሱ ምስሉ በጨለማ ይበላሻል ይላሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የሚያገኘው ፎቶን መቀነሱ እውነት ነው። ሆኖም የሴንሰሩ አጠቃላይ ስፋት አልተለወጠም፤ በጠቅላላው የሚያርፈው ብርሃንም ያው ነው። ሁለቱ ምስሎች በእኩል ወረቀት ላይ ቢታተሙ ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል። እንጀራን ከስምንት ይልቅ ከአሥራ ሁለት ቢቆርጡት ቁራሹ ያንሳል እንጂ እንጀራው አያንስም።

ታዲያ ተጨማሪው ነጥብ ለምን ይበጃል? ለማተም ነው ብንል ኤ4 ወረቀትን በተለመደው የሕትመት ጥራት ለመሙላት ወደ 9 ሚሊዮን ነጥቦች ይበቃሉ። 40 ሚሊዮን ነጥቦች በዚያው ጥራት 65 በ44 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል ይሠራሉ፤ ብዙዎቻችን በዚህ ልክ አናትምም። ዋናው ጥቅም በመቁረጥ ላይ ነው። ካሜራው አንድ ሌንስ ብቻ ስላለው ሩቅ ያለውን ለማቅረብ ምስሉን ከመሐል መቁረጥ ግድ ይሆናል። የምስሉን ወርድና ቁመት በግማሽ ብንቆርጥ 10 ሚሊዮን ነጥቦች ይቀሩናል፤ ይህም ለኤ4 ይበቃል። እንግዲህ አርባ ሚሊዮኑ ትርጉም የሚያገኘው የሌንሱን አንድነት የሚያካክስ ሆኖ ሲታይ ነው። ከማስታወቂያው ይልቅ ይህ ምክንያት ያሳምነናል።

ስድስት እርከን የሚባለው

በእኛ ግምት የካሜራው ትልቁ እርምጃ ሌላ ነው። በዚህ ተከታታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴንሰሩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስበት ዘዴ ገብቶለታል። ኩባንያው ጥቅሙን እስከ ስድስት እርከን ይገምተዋል። አንድ እርከን እጥፍ ነውና ስድስት እርከን ስልሳ አራት እጥፍ ነው። በእጅ ተይዞ በሠላሳኛ ሰከንድ የሚነሣው ምስል፣ በተመቸ ሁኔታ፣ እስከ ሁለት ሰከንድ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። የተለካው በፈተና ክፍል ስለሆነ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ያንኑ ያህል አይገኝም፤ ግማሹ ቢገኝ እንኳ ስምንት እጥፍ ብርሃን ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዐለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን የግድግዳ ሥዕል ማንሣት የሚፈልግ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ ብልጭታ መጠቀም አይፈቀድለትም፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ለመትከልም ቦታው አይመችም። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የአንሺው እጅ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚንቀሳቀስ ሴንሰር ከተጨማሪ 14 ሚሊዮን ነጥቦች የበለጠ ዋጋ አለው። በአንጻሩ መሣሪያው የሚያካክሰው የአንሺውን እጅ ብቻ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ተነሺው ከተንቀሳቀሰ ምንም አያደርግለትም። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ 43 ግራም ተጨማሪ ክብደትና 2 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ውፍረት ነው። ካሜራው 521 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ የኪስ ካሜራ የሚለውን ስም በካፖርት ኪስ ካልሆነ በስተቀር አናጸድቅለትም።

ፊዚክስ የማይመልሳቸው ጥርጣሬዎች

የቀሩት ጥርጣሬዎች በስሌት አይፈቱም። አንደኛው ዋጋው ነው። አምስተኛው ትውልድ በ2020 ሲወጣ 1,399 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ስድስተኛው በ1,599 ዶላር ወጣ። ሁለተኛው እጥረቱ ነው። ከ2022 ወዲህ አምስተኛው ትውልድ በወጣቶች ዘንድ ፋሽን ሆኖ ከመደብር ጠፋ፤ ያገለገለው ዕቃ ከአዲሱ ዋጋ በላይ ይሸጥ ጀመር። ኩባንያው የስድስተኛውን ምርት ከጃፓን ወደ ቻይና ያዛወረው ብዛቱን ለማሳደግ ነው ቢባልም፣ በወጣበት ዓመት ብዙ ገዢዎች ለወራት ወረፋ ጠብቀዋል። አንዳንድ አፍቃሪዎች የማምረቻው አገር መለወጡን እንደ ጥራት መውደቅ ይቆጥሩታል። በዚህ አንስማማም። ጥራትን የሚወስነው የመለኪያውና የቁጥጥሩ ጥብቅነት እንጂ የፋብሪካው አድራሻ አይደለም።

ከበድ ብሎ የሚታየን ሦስተኛው ነው። ሌንሱ አይለወጥም፤ ተበላሽቶ ቢገኝ ወይም አቧራ ቢገባበት የሚጠገነው ከነካሜራው ነው። ካሜራው ለአቧራና ለርጥበት ሙሉ መከላከያ የሚያገኘውም ለብቻ የሚገዛ ቀለበትና ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ሲታሰር ነው። በበጋ አቧራ መንገድ ላይ ለሚሠራ የመስክ ሠራተኛ ይህ እንደ ትርፍ ጌጥ የሚታይ ወጪ አይደለም። ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ያስመጣ ሰው ደግሞ ዕቃው ሲበላሽበት የሚመልስለትን ዘመድ እንደገና መጠበቅ አለበት። የማስታወቂያ ወረቀት ይህን ሁሉ አይጽፍም።

ምስል እንደ ማስረጃ

ይህ ሁሉ የመዝናኛ ጉዳይ ከሆነ የሳይንስ መጽሔት ለምን ያነሣዋል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መልሳችን ምስል ለሳይንስ ሰው ማስረጃ ነው የሚል ነው። የዕፅዋት ተማሪ የቅጠል ጠርዝን፣ የሥነ ምድር ተማሪ የዐለት ንብርብርን፣ የነፍሳት ተመራማሪ የክንፍ ደም ሥርን ሲያነሣ የሚፈልገው ያማረ ሥዕል ሳይሆን የታመነ መዝገብ ነው። በብዛት የሚሠራበት የስልክ ምስል ጠርዝን ያጎላል፣ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ሰማይን ያሰማምራል። ተመልካቹ የትኛው ከተፈጥሮ፣ የትኛው ከፕሮግራሙ እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል።

እንደዚህ ያለ ካሜራ ሴንሰሩ የለካውን ጥሬ ፋይል ሳያስተካክል ያስቀምጣል። የድሮ ፊልም መልክ የሚያላብሱ ሃያ ዓይነት ማስተካከያዎችም አሉት፤ እነዚህ በተዘጋጀው ምስል ላይ የሚያርፉ ናቸውና ጥሬው ከተቀመጠ ጉዳት የላቸውም። እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ተጠግቶ ማተኮርም ይችላል። እርግጥ ነው፣ ጥሬ ፋይል የሚሰጡ ስልኮችም አሉ፤ ከዚህም በእጅጉ በረከሰ ዋጋ ጥሬ ፋይል የሚሰጡ ያገለገሉ ካሜራዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ክርክራችን ይህን ካሜራ ግዙ የሚል አይደለም። ለምትሠሩት ሥራ የሚታመን መዝገብ የሚሰጣችሁን መሣሪያ ለዩ የሚል ነው።

ማጠቃለያ

የእኛ አቋም የሚከተለው ነው። ስለ አዲስ ካሜራ የሚሰሙት ተስፋዎች እውነትነታቸው የሚመዘነው በሦስት ጥያቄዎች ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የሴንሰሩ ስፋት ስንት ነው? የሚነሣው ነገር ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሰው ስለ ሜጋፒክስል ብዙ መጨነቅ አይኖርበትም። የኤክስ100 ስድስተኛ ትውልድ በሁለቱ የመጀመሪያ ጥያቄዎች ከአሥር ዓመታት በላይ የቆየውን መልስ እንደያዘ ነው፤ በሦስተኛው ለቆመ ነገር ትልቅ እርምጃ አድርጓል፤ ለሚንቀሳቀስ ነገር ግን ካለፈው ትውልድ ጋር ያው ነው። አምስተኛው ትውልድ በእጁ ያለ ሰው በአብዛኛው ሥራው በጨለማ ካልሆነ በስተቀር የሚቸኩልበት ምክንያት አይታየንም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛም ሰው ወረፋ ከመያዙ በፊት ያነሣቸውን የቆዩ ምስሎች ተመልክቶ፣ የጎደለው ብርሃን ይሁን ወይስ ትዕግሥት ይለይ።

ተማሪዎቻችን ቁጥርን እንዲጠይቁ እናስተምራለን፤ አንድ ውጤት ሲቀርብ በምን ተለካ፣ በምን ሁኔታ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንዲሉ እንሻለን። ይህ ልማድ በቤተ ሙከራ በር ላይ የሚቀር ከሆነ ብዙም አልጠቀመም። የወር ደመወዙን አጠራቅሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛ ሰው በሱቅ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በዚያው ዓይን ሊያነበው ይገባል። ዕውቀቱ የተገኘው በትምህርት ቤት ነው፤ የሚፈተነው ግን እንዲህ ባለ ቦታ ነው።